የምንይሉ ኪስ

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል። የዘፈን ማጫወቻዋ ራሷ ስትቀዳ ለቅጂው ቁጥር ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ቁጥር ደሞ በግ ገበያ ላይ ካልሆነ ማን ያስታውሳል? ቀየት ከተማ ፎቶ ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ አሰካሁና «የምንይሉ ኪስ» ብዬ ጻፍኩበት። ከአራተኛ ክፍል ለወጣ ሰው ጥሩ ጽሕፈት ነው።

ምንይሉን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ብዙ በግ አላቸው፣ እሱ ደሞ ብዙ ኮት አለው። ጥር ላይ ጓደኛው ሲያገባ ሚዜ ሆኖ መጣ። እኛ ጋ ሚዜ ሆኖ የመጣ ሰው ይሰደባል፤ አማራጭ የለውም። የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች ዳሱ ውስጥ ከበሮ ይዘው ይቆሙና አፍንጫህን፣ ጫማህን፣ አያትህን ሳይቀር በግጥም ያወርዱልሃል። አንተ ትስቃለህ። ሳቅህ ባይመጣም ትስቃለህ። ሕጉ ያባቶች ነው፤ ዳስ ውስጥ የተሰደበ ሰው አይከስስም፣ አይቀየምም፣ ዳሱ ሲፈርስ ስድቡም አብሮ ይፈርሳል። ሸራው ተጠቅልሎ አህያ ላይ ሲጫን ነገሩ አለቀ፣ ሚዜውና ተሳዳቢዋ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ደህና ሰው ጤና ይስጥልኝ ይባባላሉ።

የዚያን ቀን ከበሮውን የያዘችው እስከዳር ነበረች፣ የአክስቴ የጥሩሸዋ ልጅ። የእስከዳር ምላስ ምላጭ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ዙር ሥጋ ሲዞር ምንይሉ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ከዛ የሆነ ነገር ወደ ኮቱ ኪስ ላከ። እሷ አየችው። እኔም አይቻለሁ። እሱ እስከ ዛሬ መሐረብ ነበር ይላል። መሐረብ ቅባት ያንጠባጥባል እንዴ?

ከበሮዋን መታ አደረገችና፦

«የሙሽራው ሚዜ ኮቱ አማረበት፣
በግራ ኪሱ ጥብስ፣ በቀኝ ቅልጥም አለበት።»

ልጃገረዶቹ ተቀበሏት። ዳሱ በሳቅ ሊናድ ሆነ። ካህኑ አባ ኃይለ ኢየሱስ እንኳን የጠላ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምንይሉም እንደ ደንቡ ሳቀ፣ ግን ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። እኔ ስፒከሩ ጋ ቆሜ ነበር። ማጫወቻዋ እጄ ላይ ናት፤ ግጥሙን ስትደግመው መቅጃውን ተጫንኩት። ማንም ቅዳ አላለኝም፣ ማንም አትቅዳም አላለኝም።

ማጫወቻዋ የኔ አይደለችም። የእድሩ ናት። እድራችን የዳስ ሸራ አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ብረት ድስትና ሰሃን አለው፤ አምና ደሞ ሰው ሁሉ አዋጣና ይቺን የእጅ መዳፍ የምታህል ማጫወቻና አንድ ስፒከር ተገዛ፣ ለየሰርጉ ከመሐል ሜዳ እየተከራየን ከምንቸገር ተብሎ። ጠባቂ ሲፈለግ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማን ይነካታል? ዳኜ ይሁን አሉ። ዳኜ እኔ ነኝ። በሶላር ቻርጅ አደርጋታለሁ፣ ዘፈን እጭንባታለሁ፣ ሰርግ ሲኖር ይዣት እሄዳለሁ።

እና «የምንይሉ ኪስ» ተወደደ። ምን ላድርግ? ከዛ ሰርግ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ፣ ክርስትና ላይ፣ ቤት ሲመረቅ፣ ሰው ሰብሰብ ካለ «እስቲ ያቺን ኪስ» ይሉኛል። አጫውታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ራቤል ከተማ ደረሰ። ነገሩ የተበላሸው እዛ ነው። የምንይሉ አባት ራቤል አንድ ደህና ቤት ለልጃቸው ሽማግሌ ልከው ነበር። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ የማንን ልጅ ይዛችሁ መጣችሁ ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። ትንሽ አሰቡና «ባለኪሱ ነው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሳይሰጣቸው ተመለሱ። ምንይሉ በማግስቱ እስከዳርን ለእድሩ ሸንጎ ከሰሰ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አፈወርቅ ናቸው። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ክርክር ከተገኘ ምሳ አያስፈልጋቸውም። መጀመሪያ ላይ ለምንይሉ ፊት አልሰጡትም። የዳስ ስድብ ነው፣ ዳሱ ፈርሷል፣ ምን ትላለህ አሉት። ምንይሉ ግን የዋዛ አይደለም፣ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ሸራው ተጠቅልሏል፣ ልክ ነው አለ፤ ግን ስድቡ ዛሬም እየተዘፈነ ነው፣ የሚዘፍነው ደሞ የናንተው ዕቃ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ጋሽ አፈወርቅ ጺማቸውን ያዙና እንዲህ አሉ፦

«ሸራው የዳስ ዕቃ ነው። አግዳሚው የዳስ ዕቃ ነው። ይሄ ነገርም የዳስ ዕቃ ነው። ስድቡ በዳስ ዕቃ ውስጥ እየጮኸ ዳሱ ፈረሰ አይባልም። ለምንይሉ ዳሱ እንደቆመ ነው።»

ስለዚህ እስከ እሁድ ይጥፋ ተባለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሸንጎው ማጫወቻዋን ያያል፤ ስድቡ ከተገኘባት እስከዳር ድንጋይ ተሸክማ ምንይሉ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃለች።

እኔ ተነሳሁ። የቀዳሁት እኔ፣ ስም ያወጣሁት እኔ፣ ያጫወትኩት እኔ፣ ድንጋዩ ለሷ እንዴት ይሆናል አልኩ። ጋሽ አፈወርቅ አንተ ዕቃ ጠባቂ ነህ፣ ሸራ ድንጋይ አይሸከምም ብለው አስቀመጡኝ።

ድንጋይ መሸከም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ነፍስ ያጠፋ ነው የሚሸከመው፣ አባቱን የመታ ነው የሚሸከመው። በማጅራትህ ላይ ታደርገዋለህ፣ አንገትህን ደፍተህ በሰው ሁሉ ፊት ትሄዳለህ፣ ተበዳዩ አውርዱለት እስኪል ትቆያለህ። በዘፈን ምክንያት የተሸከመች ልጅ ግን በእናቶቻችንም ዘመን አልተሰማ። አንዴ ከተሸከመች ደሞ የልጅ ልጇ ድረስ ያቺ ድንጋይ የተሸከመችው ይላታል አገሩ።

እስከዳር ሸንጎው ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ያ ነው ያስፈራኝ።

በነጋታው ቀየት ወረድኩ። የፎቶ ቤቱ ልጅ የማጫወቻዋን ሚሞሪ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ «የምንይሉ ኪስ» የሚለውን መረጥኩ፣ ዲሊት። ከስክሪኑ ላይ ድርግም አለ። አለቀ ብዬ እያፏጨሁ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ ለማረጋገጥ ያህል ማጫወቻዋን ከፈትኳት። ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች... ቁጭ ብሏል። የምንይሉ ኪስ። ጥላው ይሆናል ብዬ ተጫንኩት። እስከዳር ጥርት ባለ ድምፅ፣ «የሙሽራው ሚዜ ኮቱ አማረበት»። ስፒከሩ ተሰክቶ ነበር። የምንይሉ እናት ደሞ ውሃ ይዘው በደጄ እያለፉ ነበር። የተናገሩኝን አልጽፈውም።

አጠፋኋት፣ አበራኋት። አለ። ሚሞሪውን አወጣሁና እፍ አልኩበት፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ መለስኩት። አለ። ከራሷ ከማጫወቻዋ ላይ አጥፊ የሚለውን ፈልጌ ተጫንኩ፤ አይቻልም የሚል ነገር ጻፈችልኝ። እልህ ያዘኝ፣ ባትሪዋን አውጥቼ አሳደርኳት። ጠዋት ስከፍታት እስከዳር ከትናንቱ ብሳ ዘፈነች። እውነቱን ለመናገር ዕቃዋን ወደድኳት። ሸንጎ የፈረደበትን አልረሳም የሚል ብረት የት ይገኛል?

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ፀሐይ ላይ አስጣት ይላል፣ አንዱ ሌላ ዘፈን ደጋግመህ ጫንባትና ይውጠው ይላል። አባ ኃይለ ኢየሱስን ጠበል ይረጩባት እንደሆን ጠየቅኳቸው። ጠበል የማያድነው ሁለት ነገር ነው፣ ብረትና አንተ አሉኝ።

ዓርብ ሚኒባስ ይዤ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ የሪሐና ሱቅ አለ። ስልክ ትሸጣለች፣ ቻርጀር ትሸጣለች፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ትጭናለች። አባቷ ከቆላ የመጡ ነጋዴ ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ነው ያደገችው፣ ብርዱንም ተረቡንም ለምዳዋለች። ገና ከበር ስገባ፣ «ኪሱን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። መሐል ሜዳም ደርሷል ማለት ነው።

ነገሩን ነገርኳት። ሚሞሪውን ላፕቶፗ ላይ ሰካች፣ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገች፣ ከዛ ሳቀች።

«ወላሂ አንተ አላጠፋኸውም። ከሳሎን ወደ ጓዳ ነው ያስገባኸው።»

ስታስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ስታጠፋ አንዳንዱ ኮምፒውተር የምር አይጥልም፤ እዛው ሚሞሪው ላይ የተደበቀ የቆሻሻ ቅርጫት አለ፣ እዛ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ቅርጫቱን ስለሚያውቀው ለሰው አያሳይም። ማጫወቻዋ ግን ቅርጫት ይሁን መሶብ አታውቅም፤ ያገኘችውን ድምፅ ሁሉ ሰብስባ ትዘረዝራለች። የተደበቀውን እንዲያሳይ አደረገችና ከፈተችልኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከአምና ጀምሮ አጠፋሁ ያልኩት ሁሉ ተኮልኩሏል። ሰልችቶኝ የጣልኳቸው ዘፈኖች። የበግ ጩኸት። አንድ ረጅም ማንኮራፋት።

«ይሄ ማነው?» አለችኝ።

የእድራችን ዳኛ እንደሆኑ ነገርኳት። የእድሩ ስብሰባ ላይ ሒሳብ ሲነበብ ነው የቀዳሁት። ሪሐና ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ያንን መልሺልኝ አልኳትና ከቅርጫቱ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። የቀረውን ቅርጫቱን ባዶ አደረገችው። ኪሱም አብሮ ሄደ። ትንሽ ከበደኝ፣ ምን ልዋሽ፣ ጥሩ ቅጂ ነበር።

ሚሞሪውን ማጫወቻዋ ውስጥ መለስን፣ ከፈትን። የምንይሉ ኪስ፣ እዛው ዝርዝሩ ላይ። ሪሐና ተጫን አለችኝ። ስጫነው ድምፅ የለም፤ ማጫወቻዋ ትንሽ አሰበችና ወደሚቀጥለው ዘለለች። ሪሐና እንደምትለው ማጫወቻዋ ሰነፍ ናት። ያላትን ሁሉ አንዴ ትቆጥርና ስማቸውን ለራሷ ትይዛለች፤ ከዛ በኋላ በተከፈተች ቁጥር የያዘችውን ስም ታነባለች እንጂ ሰዎቹ ቤት አሉ ወይ ብላ አታንኳኳም። ስሙ አለ፣ ባለቤቱ የለም። እንደ አዲስ ቁጠሪ ማለት አለብህ አለችና ቦታውን አሳየችኝ። ቅንብር የሚለው ውስጥ ገብተህ የመጨረሻው መስመር ነው። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ።

ላጥፋልህ አለችኝ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አጠፋዋለሁ አልኳት።

አክስቴ ቤት ስደርስ እስከዳር ደጅ ላይ ፀሐይ ይዛ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ እሷ ቀና አትልም። አክስቴ ጥሩሸዋ በሩ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ፣ በዛውም ይመክሯታል። ምክራቸው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነበር፤ ሄደሽ ውደቂና ይለቅ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሞተ የለም።

እኔ እንደ ጀግና ቆምኩና አበሰርኳቸው። ድምፁ ጠፍቷል፣ የቀረው ስሙ ነው፣ እሱም አንድ ቁልፍ ነው አልኩ። አክስቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እስከዳር እንዝርቱን አቆመችው።

«ድምፄ የለም?»

«የለም።»

«ስሙ ግን አለ።»

«አለ። አሁን እዚሁ አጠፋልሻለሁ።»

«እንዳትነካው።»

አክስቴ ገብሱን ትተው ቀና አሉ። እኔም አልገባኝም። ትናንት ዕቃዋ እንቢ ብላ ነበር፣ ዛሬ ዕቃዋ እሺ ስትል ልጅቷ እንቢ አለች።

«ብታጠፋው እሁድ ምን ይሉኛል?» አለች። «ጎሽ፣ ተመክረሻል፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ይሉኛል። ይምሩኛል። እኔ ምን በድዬ ነው የሚምሩኝ? ዳስ ውስጥ ነው የዘፈንኩት። ሚዜ ነው የሰደብኩት። ሥጋውን እኔ ኪሱ አልከተትኩበት። ዛሬ እኔ ፈርቼ ባስጠፋው፣ በሚያዝያ ከበሮ የምትይዝ ልጅ ድንጋዩን እያሰበች ነው የምትዘፍነው። ተወው። ይምጡና ይዩት።»

አክስቴ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ድንጋይ ተሸክመሽ ማን ያገባሻል ብለው ጠየቋት።

«ኪስ የሌለው» አለችና እንዝርቷን መልሳ አሽከረከረች።

ለመንኳት። እውነቴን ነው፣ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ እሷን ለመንኩ። እሁድ ስሙ ከተገኘ ይፈርዱብሻል፣ ጋሽ አፈወርቅ አንዴ ካሉ አሉ ነው አልኳት። ይፈርዱ አለች። ምን አስበሽ ነው ስላት ጠጉሩን ማባዘት ጀመረች። ማጫወቻዋን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በዛን ሌሊት እጄ ያቺ የመጨረሻ መስመር ላይ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። ማጥፋት ለኔ ቀላል ነበር። ግን አደራ ብላኛለች፣ ያውም እንዳታደርግ ብላ። እንዳታደርግ የተባልኩትን ሳላደርግ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ ቅዳሴ አለቀ። ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ጽዶቹ ሥር ተቀመጠ። ሰው ከወትሮው ይበዛል፣ ሴቶቹ አንድም አልቀሩ። ምንይሉ ድንጋዩን ራሱ መርጦ አምጥቷል። ሁለት ሰው ነው ያወረደለት። ባለ ጠርዝ፣ ጥቁር፣ አንገት የሚቆርጥ ድንጋይ። አንዱ ሽማግሌ አየት አድርገው ይሄ ለይቅርታ ነው ለግንብ ብለው ጠየቁት። ምንይሉ ኮሌታውን አስተካከለ። አዲስ ኮት ለብሷል።

ጋሽ አፈወርቅ ዕቃውን አምጣ አሉኝ። ከፈትኩ፣ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ስለማያነብላቸው ለምንይሉ አሳለፉት። ምንይሉ ጣቱን እየሳበ ወደ ታች ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ፣ ከዛ ፊቱ በራ። ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ አሳየ።

«ይኸው። የምንይሉ ኪስ። እዚሁ አለ።»

ሴቶቹ ጋ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ምንይሉ ዞሮ አፈጠጠባት።

ስሙ ነው እንጂ ድምፁ የለም አልኩ። ሪሐና ያስረዳችኝን ማስረዳት ጀመርኩ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ሰነፏ ቆጣሪ። ሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ጭጋግ ወረደ። ስለዚህ አጫውቱትና አዳምጡ አልኳቸው። ምንይሉ ራሱ ተጫነው። ዝም። ማጫወቻዋ አሰበች። ከዛ ወደሚቀጥለው ዘለለች፣ የሚቀጥለው ደሞ ያ ማንኮራፋት ነበር። በጽዶቹ ሥር፣ በሸንጎ ፊት፣ ከነፉጨቱ።

ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ። ጋሽ አፈወርቅ ይሄ ደግሞ ምንድነው አሉኝ።

«የመኪና ሞተር ነው፣ ጋሼ።»

አባ ኃይለ ኢየሱስ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው፣ «ሞተሩን አውቀዋለሁ» አሉ። እዛ ላይ ሰው አልቻለም። ሳቁ እስኪያልቅ ተጠበቀ። ጋሽ አፈወርቅ ገብቷቸዋል፤ ጆሯቸው ቀላ። ይሄ ደሞ ለእስከዳር አልበጃትም፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ድምፃቸው ጠነከረ።

ምንይሉ ድምፅ ኖረ አልኖረ አልሰማም አለ። ስሙን ያየ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በልቡ ይዘፍነዋል፣ ስሙ የኔ ነው፣ ኪሱ የኔ ነው፣ ስሙ ካለ ስድቡ አለ አለ። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ተነጋገሩ። አባ አይመስለኝም ሲሉ ይሰማል። በመጨረሻ ጋሽ አፈወርቅ ምርኩዛቸውን ተክለው ፈረዱ። ስሙም ከስድቡ ነው፣ በዳስ ዕቃ ላይ እስካለ ለምንይሉ ዳሱ አልፈረሰም፣ ልጅቷ ትሸከም።

ሁለት ሰዎች ወደ ድንጋዩ ሄዱ። አክስቴ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እስከዳር ከሴቶቹ መሐል ተነሳችና መሐል ላይ ቆመች። አንገቷን አልደፋችም።

«ጋሽ አፈወርቅ፣ ከመሸከሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ።»

«ዳሱ አልፈረሰም አሉ?»

«አልፈረሰም።»

«ዛሬም እንደቆመ ነው?»

«ለሱ እንደቆመ ነው አልኩ እኮ።»

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች። ወደ ልጃገረዶቹ ዞረች። ከበሮ የለም፤ እጇን አጨበጨበች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ምቱን ያዘች፦

«ለአንዲት ቅልጥም ብለው ሸንጎ ተቀመጡ፣
ሥጋውን የበሉት አጥንቱንም ያምጡ።»

ከዛ ልጃገረዶቹ ተቀበሏት። መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ በፍርሃት፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ ቀጥሎ ባል ያገቡት፣ ልጅ ያዘሉት። ምንይሉ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። ጋሽ አፈወርቅ፣ እያዩ ነው ይላል፣ በሸንጎ ፊት ይላል፣ ድምፁ በጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። እስከዳር እጇን አነሳች፣ ሁሉም ዝም አለ።

«ተቀመጥ ሚዜ» አለችው። «ዳስ ውስጥ ሚዜ አይቀየምም።»

«እኔ አሁን ሚዜ አይደለሁም።»

«ዳሱ ከቆመ ነህ። ሲፈረድ ሰምተሃል፤ ደስ ብሎህ ነበር። ዳሱ ቆሞ ከሆነ እኔ እሰድብሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ፣ ያባቶች ሕግ ነው። ዛሬም፣ ነገም፣ ገበያ ላይም፣ ራቤል ድረስ ተከትዬህም ቢሆን። ፈርሶ ከሆነ ደሞ ስድቡም ፈርሷል፣ ድንጋይህን ይዘህ ግባ። ሁለቱን ባንድ ላይ አታገኝም። ቆሟል ወይስ ፈርሷል? አንተው ተናገር።»

አባ ኃይለ ኢየሱስ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ አፈወርቅ ዞሩ። ጋሽ አፈወርቅ መሬቱን በምርኩዛቸው ጫር ጫር አደረጉ። ተናደዋል ብዬ ነበር፤ ግን ፊታቸውን አየሁት፣ ደህና ክርክር ያገኘ ሰው ፊት ነው።

«ከሳሽ ይመልስ» አሉ።

ምንይሉ ወደሳቸው አየ፣ ወደ አባቱ አየ። አባቱ የሆነ በግ የጠፋባቸው ይመስል ሩቅ ሩቁን ያያሉ። ልጃገረዶቹ እጃቸውን አዘጋጅተዋል። አንዷ፣ ምቱን ለመሞከር ያህል፣ ቀስ ብላ አንዴ አጨበጨበች።

«ፈርሷል» አለ ምንይሉ።

ከኋላ ያሉት አልሰማንም አሉ።

«ፈርሷል አልኩ።»

ጋሽ አፈወርቅ እንግዲህ ከሳሽ ራሱ አፍርሶታል፣ ድንጋይ የለም ብለው ምርኩዛቸውን አነሱ። ከዛ ለእስከዳር፣ ለሰላም ብለሽ እጅ ንሺው፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት አሏት። እሷም አልተቀየምኩትም፣ ምን እጅ ያስነሳኛል አለች። በሚያዝያ፣ በፋሲካ ማግስት እኛ ወገን ሰርግ አለ፣ ሚዜ ሆኖ ይምጣ፣ ምግብ በገፍ ነው አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። አክስቴ መጀመሪያ ጀርባዋን በጥፊ መቷት፣ ከዛ እዛው ጀርባዋ ላይ እጃቸውን ትተው አቀፏት።

ሰው መበተን ሲጀምር ምንይሉ ወደኔ መጣ። ድንጋዩን የሚያነሳለት ሰው ሲፈልግ ነበር፣ ያወረዱለት ሁለቱ ሰዎች ግን ቸኩለው ሄደዋል። ማጫወቻዋን መለሰልኝ። ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ ስሙን እንዳጠፋለት ለመነኝ። አንድ ቁልፍ ነው ብለሃል፣ ሰምቼሃለሁ፣ ምን ይጎዳሃል አለኝ። እውነት ነው፣ አይጎዳኝም ነበር። ፊቱን ሳየው ትንሽ አሳዘነኝም።

«የእድር ዕቃ ነው» አልኩት። «እድሩን አስፈቅድ። ሸንጎው ገና አልሄደም።»

ጋሽ አፈወርቅ ጽዱ ሥር ከአባ ጋር ቆመው ያወራሉ፣ ሃያ እርምጃም አይሆንም። ምንይሉ ወደሳቸው አንድ እግሩን አነሳ። በመካከል ልጃገረዶቹ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር፣ እስከዳር መሐላቸው፣ ወደኛ እያዩ። አንዷ እጆቿን ለጭብጨባ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

እግሩን መለሰው።